«ይቆየን» ማለት የሚችል ሰው

ባለቤቴ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ መሆኑን ስናገር ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። «አትፈሪም ወይ?» ይሉኛል። ጎረቤት ይጠይቃል፣ የሥራ ባልደረባ ይጠይቃል፣ ሠርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት እንኳ ትጠይቃለች። መልሴ አጭር ነው፤ እፈራለሁ። በ13 ዓመት የትዳር ሕይወታችን ግን «ባልሽ በሥራው ደስተኛ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላጋጠመኝም። ኑሮ ያስተማረኝ ደግሞ ከሁለቱ ጥያቄዎች የሚበልጠው ይኸኛው መሆኑን ነው።

ደስታ ስል ሳቅና ጨዋታ ማለቴ አይደለም። ጠዋት ሲወጣ እግሩ የማይጎተት፣ ሥራ ላይ ሳለ ሐሳቡ ከእጁ ያልተለየ፣ ማታም ከነሙሉ ልቡ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ማለቴ ነው። እንደኛ ላለ ቤተሰብ ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ልቡ ሌላ ቦታ የሆነ ሰው ምሰሶ ላይ ሲወጣ እንደማየት የሚያስፈራ ነገር የለም።

ባለቤቴ በሁለት የተለያዩ ቡድኖች ውስጥ ሠርቷል። ምሰሶው ያው ምሰሶ፣ ሽቦው ያው ሽቦ፣ ደመወዙም የሚቀራረብ ነበር። በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ሳለ ሰውዬው ቀስ በቀስ ከቤታችን ጠፋብን። በሁለተኛው ውስጥ ተመልሶ መጣ። እኔ በሙያዬ የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝና ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ግን በገዛ ሳሎኔ ያየሁት ይበልጣል።

ሥራው ምንድን ነው?

በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የምታዩት ትራንስፎርመር ከላይ የሚቀበለው ኃይል አብዛኛውን ጊዜ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሰው ይገድላል። ኤሌክትሪክ እንደ እሳት አይታይም፣ እንደ ጋዝ አይሸትም። ስለዚህ ሙያው የተመሠረተው በዓይን ላይ ሳይሆን በሥርዓት ላይ ነው። በመጀመሪያ መስመሩ ይቋረጣል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ሳያውቅ መልሶ እንዳያበራው ይቆለፋል፣ ምልክትም ይንጠለጠልበታል። ከዚያ ኃይል አለመኖሩ በመሣሪያ ይረጋገጣል። በመጨረሻ ሽቦዎቹ ከመሬት ጋር ይያያዛሉ።

«ከተቋረጠና ከተረጋገጠ በኋላ ከመሬት ጋር ማያያዝ ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ባለቤቴን ጠይቄው ነበር። «ለጄኔሬተር ነው» አለኝ። መብራት ሲጠፋ አንድ ዳቦ ቤት ወይም አንድ ሆቴል ጄኔሬተሩን ያስነሳል። ከዋናው መስመር የሚለየው ማብሪያ በትክክል ካልተገጠመለት ኃይሉ ወደ ውጭ ይወጣል። በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ሲያልፍ 380 የነበረው ቮልት ተመልሶ 15 ሺህ ይሆናል። ምሰሶው ላይ ያለው ሰው ግን ሞቷል ያለውን ሽቦ ይዟል።

የመጀመሪያው ቡድን

የመጀመሪያውን ድርጅት ስም አልጠቅስም። ክፉ ሰዎች የተሰበሰቡበት ቦታ አልነበረም። ችግሩ ፎርማኑ ከሁሉም በላይ የሚወደው ነገር ፍጥነት መሆኑ ነበር። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ከላይ ያሉት አለቆች «መቼ ይበራል?» ይሉታል፣ እሱም የታችኞቹን ያጣድፋል። አንድ ሠራተኛ «ይህ ምሰሶ ሥሩ የበሰበሰ ይመስለኛል» ካለ፣ መልሱ «ፈራህ እንዴ?» ነው። በወንዶች መካከል ደግሞ ከዚህ ጥያቄ የሚከብድ የለም። ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ሰው ሦስተኛ አፉን አይከፍትም።

አንድ ቀን ክረምት ላይ መስመሩ ተቋርጦ ነበር፤ ከመሬት ጋር ግን አልተያያዘም። ከሠራተኞቹ ሁለቱ ይህን አይተዋል። አንደኛው ባለቤቴ ነበር። ለመናገር አስቦ ሳለ ፎርማኑ «ቶሎ በሉ!» ሲል ዋጠው። ከአንድ ግቢ የተነሳ ጄኔሬተር ኃይል መለሰና ምሰሶው ላይ የነበረው ጓደኛው እጁ ተቃጠለ። ቀበቶው ያዘው እንጂ ይወድቅ ነበር። በሕይወት ተርፏል፤ ወደ መስመር ሥራ ግን አልተመለሰም።

ከአደጋው ይልቅ ቡድኑን የሰበረው የማግስቱ ስብሰባ ነበር። የተጠየቀው ጥያቄ «ምን ሆነ?» ሳይሆን «ማነው ጥፋተኛው?» ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እያንዳንዱ ሰው ያየውን ነገር ለራሱ ብቻ ማየት ጀመረ።

ቤታችን ውስጥ የታየው ለውጥ በደም ወይም በቁስል የሚገለጽ አልነበረም። እሑድ ማታ ምግብ አይበላም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ ጣሪያ ያያል። ልጃችን የቤት ሥራውን ይዞ ሲቀርበው «ነገ» ይለዋል። «ሥራ እንዴት ዋለ?» ስለው «ያው ነው» ይለኛል። አንድ ማታ «ሱቅ ልክፈት መሰለኝ» አለኝ። ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሽቦ ሲቀጥል ያደገ ነው። ሱቅ እንዳልናፈቀው አውቃለሁ። የፈለገው ያየውን ተናግሮ የሚደመጥበት ቦታ ነበር።

ሁለተኛው ቡድን

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሌላ ድርጅት ተዛወረ። የአዲሱ ቡድን ፎርማን ጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል። ጋሼ ማንም ሰው ምሰሶ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቡድኑን ክብ ሠርቶ ያቆሙታል። እያንዳንዱ ያየውን በተራ ይናገራል። የሚጀምረው ታናሹ ነው፤ ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ እንደማይናገር ያውቃሉና። እሳቸው የሚናገሩት በመጨረሻ ነው።

ሌላም ሕግ አላቸው። ከቡድኑ አንድ ሰው «ይቆየን» ካለ ሥራው ይቆማል። ምክንያቱ የሚጠየቀው ሁሉም እጁን ካነሳና ከወረደ በኋላ ነው። ምክንያቱ ትንሽ ሆኖ ቢገኝ አይሳቅበትም። ጋሼ «እግዜር ይስጥልን» ይላሉ፤ ሥራው ይቀጥላል።

ባለቤቴ በአዲሱ ቡድን ሁለተኛ ወሩ ላይ ይመስለኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመረ። አንድ ማታ እራት ላይ ሳልጠይቀው ስለ አንድ የተሰነጠቀ ስኒ ማውራት ጀመረ። እነሱ ስኒ የሚሉት ሽቦውን ምሰሶው ላይ የሚይዘውን የሸክላ ዕቃ ነው። ልጆቹ የቡና ስኒ መስሏቸው ሳቁ። እሱም ሳቀ። አደጋው አልቀነሰም፤ 15 ሺህ ቮልቱ እዚያው ነው። የቀነሰው ብቻውን መሸከሙ ነው።

ተመራማሪዎቹ ምን አሉ?

አሜሪካዊው ዊልያም ካን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ራሱን ሙሉ በሙሉ ለሥራው እንዲሰጥ ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት ጽፏል። አንደኛው ሥራው ትርጉም እንዳለው መሰማቱ ነው። ሁለተኛው ራሱን ሆኖ ቢታይ እንደማይዋረድ ማመኑ ነው። ሦስተኛው ለሥራው የሚሆን አቅም፣ ማለትም ጉልበትና የተረጋጋ አእምሮ፣ ያለው መሆኑ ነው። ጋሼ ይህን ጥናት እንዳላነበቡ እርግጠኛ ነኝ፤ በክብ አቁመው የሚያስጠብቁት ግን ሁለተኛውን ነው።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ኤሚ ኤድመንድሰን የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች የሚያሳውቁት ስህተት ከሌሎቹ ይበዛ ነበር። ምክንያቱን ስትመረምር፣ እነዚህ ቡድኖች አብዝተው የሚሳሳቱ ሳይሆኑ ስህተትን ደፍረው የሚናገሩ ሆነው አገኘቻቸው። ሌሎቹ ይደብቁ ነበር። በ1999 ይህን የመናገር ነፃነት «ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት» ብላ በሰፊው ጻፈችበት።

ሮበርት ካራሴክ ደግሞ በ1979 ያሳየው፣ ሰውን የሚጎዳው የሥራው ክብደት ብቻ አለመሆኑን ነው። ከባድ ሥራ በራስ ላይ የመወሰን መብት ካለመኖር ጋር ሲገናኝ ነው አእምሮን የሚያደክመው። በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት 203 ናሙናዎችንና ከ186 ሺህ በላይ ሠራተኞችን የሚመለከቱ መረጃዎችን አሰባስቦ ተንትኗል። በሥራው ላይ ያለው አደጋ ሰውን እንደሚያደክም አረጋግጧል። ከዚያው ጋር፣ በተለያዩ የሥራ ዘርፎች ሁሉ የሠራተኛን ትጋትና ደኅንነት በመደገፍ ረገድ ደጋፊ የሥራ አካባቢ ጎልቶ የታየ ነገር ሆኗል።

እኛ «ዝምታ ወርቅ ነው» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ለብዙ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ምሰሶ ላይ ግን ዝምታ ወርቅ አይደለም።

«መጣ!»

ከመናገር ነፃነት ቀጥሎ ባለቤቴን በሥራው ላይ ያቆየው ነገር አንድ ቃል ነው። ጨለማ ውስጥ የነበረ ሰፈር መብራቱ ሲመለስ ልጆች ሁሉ በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። ሁላችንም ጮኸን አድገናል። ይህ ጩኸት ምሰሶው ሥር ላለው ሰው እንዴት እንደሚሰማ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ሲነግረኝ ዓይኑ ያበራል። «ከሩቅ ቤት ይጀምርና እየቀረበ ይመጣል፤ በደመወዝ አይገዛም» ይላል።

አዳም ግራንት የተባለ ተመራማሪ በ2008 ባሳተመው ጥናት የመዋኛ ሥፍራ ሕይወት አዳኞችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን ሥራው ለራሳቸው ስለሚያስገኘው ጥቅም አነበበ፤ ሌላኛው ባልደረቦቻቸው ሰው ስላዳኑባቸው ታሪኮች አነበበ። ከዚያ በኋላ በብዙ ሰዓት ለመሥራት የተነሳሱት ስለ ዳኑት ሰዎች ያነበቡት ሆነው ተገኙ። ሰው የድካሙን ፍሬ በሌላ ሰው ፊት ላይ ሲያይ ይበረታል። አደገኛ ሥራ ላይ ያሉ ብዙዎች ግን ፍሬውን አያዩም። እሳት አጥፊው ቤቱን አትርፎ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አያውቅም። የአምቡላንስ ነርሷ በሽተኛዋን አስረክባ ትመለሳለች፤ ዳነች ወይ የሚል ወሬ አይደርሳትም።

ሦስተኛው ነገር የቡድኑ ትንሽነት ነው። በእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ላይ ኤሪክ ትሪስትና ቀድሞ ራሱ የማዕድን ሠራተኛ የነበረው ኬን ባምፎርዝ በ1951 ያሳተሙት ጥናት ይህን ያሳያል። በፊት ከመሬት በታች የሚሠሩት ተመራርጠው የተሰባሰቡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ቤተሰብ ያውቃል፤ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ለቤተሰቡ ይደርሳል። አዲስ ማሽን ገብቶ ሥራው ሲቆራረጥና ሰዎቹ ሲበታተኑ፣ ማሽኑ ያመጣል የተባለው ጥቅም ሳይገኝ ቀርቶ ሠራተኛው ጭንቀትና መቅረት አበዛ። የባለቤቴ ቡድን ስድስት ሰዎች ናቸው። ምሳቸውን ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ዕቁብም አላቸው። የአንዱ እናት ስታርፍ ለቅሶው ላይ ስድስቱም ከነሚስቶቻቸው ተገኝተናል። ከላይ ያለው ሰው ገመዱን የያዘለትን ሰው ልጆች በስም ያውቃቸዋል።

ደስታ ጓንት አይተካም

አንድ ነገር ግን ግልጽ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ የምጽፈው አሠሪዎች «ሠራተኞቻችን ፍቅር ስላላቸው ይበቃናል» እንዲሉ አይደለም። የተቀደደ ጓንት በጥሩ መንፈስ አይጠገንም። ቀበቶ፣ የራስ ቁር፣ መፈተሻ መሣሪያ፣ በቂ እረፍትና በሰዓቱ የሚከፈል ደመወዝ መሠረት ናቸው። ከሌሎቹ ሁሉ በፊት እነሱ ይምጡ። ፎርማን ደግሞ «ይቆየን»ን እንዲያከብር ከላይ ያሉት አለቆቹም ስልክ ላይ መታገሥ አለባቸው።

ይህ ልመና ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ ተገቢ ያልሆነ ቅጣት እንዳይደርስበት ይደነግጋል። «ይቆየን» የጋሼ ደግነት ብቻ አይደለም፤ መብት ነው።

ከቤት የሚጠበቅ

እናንተስ? አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማራ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ ወይም ወንድም ካላችሁ እኛን የጠቀሙንን ጥቂት ነገሮች ላካፍላችሁ።

ባለቤቴ እንደገባ የቤት ችግር በር ላይ አንነግረውም። የቆጣሪ ሒሳብ፣ የልጆች ጠብ፣ የኪራይ ነገር ግማሽ ሰዓት መቆየት ይችላሉ። ይታጠባል፣ ቡና ይጠጣል፣ ከዚያ አባት ይሆናል። ክረምት ላይ ሌሊት ተጠርቶ ከሄደ፣ በማግስቱ ቤት የመጣ እንግዳ ቅር ቢለውም እሱ ይተኛል። ካን «አቅም» ያለው ነገር የሚሞላው እኛ ቤት ነው።

ጠዋት ሲወጣ «ተጠንቀቅ» እለዋለሁ፤ ይህን መተው አልቻልኩም። ማታ ግን «ዛሬ ማን ‹ይቆየን› አለ?» እለዋለሁ። «ሥራ እንዴት ዋለ?» «ያው ነው» ተብሎ ይዘጋል። ይህኛው ግን ታሪክ ይዞ ይመጣል። ዛሬ ማንም አላለም ካለኝ ቀኑ ቀላል ነበር ማለት ነው። ለብዙ ሳምንት ማንም ካላለ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እኔም ፍርሃቴን አልደብቅበትም። ሌሊት ሲጠራ «ዛሬ ፈርቻለሁ» እለዋለሁ፤ «እኔም» ይለኛል፤ ከዚያ ይሄዳል።

እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየ፣ አደጋው በሕልምና በእውን እየተመላለሰ ካስቸገረ፣ መጠጥ ከበዛ ወይም ሰውየው ከቤተሰቡ ጨርሶ ከራቀ ጉዳዩ ከቡናና ከምክር በላይ ነውና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂዱ። ይህ እንደተሰበረ እጅ የሚታከም ጉዳት ነው።

የዚህ ሙያ ሰው ቤታችሁ ባይኖርም ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ጄኔሬተር ካላችሁ ከዋናው መስመር የሚለየውን ማብሪያ በባለሙያ አስፈትሹ። የወደቀ ሽቦ ካያችሁ «የሞተ ነው» ብላችሁ አትቅረቡ፤ ልጆችንም አርቁ። መብራቱ ሲመለስ ምሰሶው ሥር የቆሙትን ካገኛችኋቸው ደግሞ አንድ «እግዜር ይስጥልን» ወርውሩላቸው።

ዘንድሮ የጋሼ ቡድን ውስጥ የ22 ዓመት ልጅ ገብቷል። በሦስተኛ ሳምንቱ፣ ዝናብ ባባራበት ምሽት፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ሳለ «ይቆየን» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር አሉ። ሁሉም ወረዱ። ያየው ነገር ሽቦ ላይ ያረፈ መስሎት የነበረ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሆኖ ተገኘ፤ ከሽቦው በደንብ የራቀ ነበር። አረጋግጠው ሥራውን እስኪጀምሩ 40 ደቂቃ ሄደ። ጋሼ «እግዜር ይስጥልን» አሉት። ያ ሰፈር ያን ምሽት 40 ደቂቃ ተጨማሪ በጨለማ ቆየ፤ ምናልባትም አማርሯል። ለምን እንደዘገየ የነገረው ሰው የለም። እኔ ግን ማታ እራት ላይ ሰማሁ፤ ልጁን ባላውቀውም ደስ አለኝ። እሱም ቤት የሚጠብቀው ሰው አለው።